ሲሸጡ አጋር፣ ሲጠየቁ ባዳ

ወዳጆቼ፣ ይህን የምጽፈው ሻንጣዬን እንኳ ሳልፈታ ነው። ጉዞው እንዴት ነበር፣ እናትህስ በሰላም ገቡ ወይ እያላችሁ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሰላም ገብተናል፤ እናቴም ደኅና ናት፤ ደኅና ያልሆንኩት፣ በአየር መንገዶች ካርድና ነጥብ የተቃጠልኩት እኔ ነኝ። የአየር መንገዶቹን ስም ለመጥቀስ አላሰብኩም፤ አንዱን ብቻ ብጠቅስ ሌላው ንጹሕ መስሎ ይቀራል፣ ሁሉንም ብጠቅስ ደግሞ በመብረር ሰብስቤ የተረፈችኝን ጥቂት ነጥብ እንዳይሰርዙብኝ እሰጋለሁ። «ለምን በቀጥታው በረራ አልሄድክም?» ብሎ ለመጻፍ ጣቱን ያነሣ ካለም፣ በበዓል ሰሞን የቀጥታውን ትኬት ለሁለት ሰው ቆርጦ ይላክልኝና ያን ጊዜ ምክሩን በደስታ እሰማለሁ።

በአየር መንገዱ የታማኝ ደንበኞች ፕሮግራም የወርቅ አባል መሆኔን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ካርዱ በፖስታ የደረሰኝ ዕለት ፎቶውን ያልላክሁለት ሰው የለምና። ለዚያች ካርድ ስል ርካሹን ትኬት ትቼ ውዱን የቆረጥኩበት፣ በአንድ በረራ የሚያልቀውን መንገድ ነጥብ የሚቆጠርበት ማይል እንዲበዛልኝ በሌላ ከተማ ዞሬ የሄድኩበት፣ በዚህም ምክንያት ባለቤቴ «አንተ የምትሠራው ለቤትህ ነው ወይስ ለአየር መንገዱ?» ብላ የጠየቀችኝ ጊዜ ጥቂት አይደለም። ይህን ሁሉ የታገሥኩት እናቴ አንድ ቀን ከእኔ ጋር ስትጓዝ በትራንዚት መካከል ጋደም የምትልበት ጸጥ ያለ ቦታ እንድታገኝ ነው፤ ረጅም በረራ ላይ እግሯ ያብጣልና። የኅብረቱ፣ ማለትም አንዱ የሌላውን ካርድ የሚቀበሉት አየር መንገዶች ማኅበር፣ ደንብም ቢሆን የወርቅ አባሉና አብሮት የሚጓዝ አንድ እንግዳ ወደ ላውንጅ፣ ማለትም አየር ማረፊያው ውስጥ ወዳለው ልዩ ማረፊያ ክፍል፣ ይገባሉ ይላል። አውሮፕላን ውስጥ ሳለን ስለ ሶፋው፣ ስለ ሻዩ፣ ስለ መታጠቢያ ቤቱ ንጽሕና ሳይቀር አወራሁላት። እርሷ ጾመኛ ስለሆነች የምግቡ ነገር ግድ አልሰጣትም፤ «ልጄ፣ እግሬን የምዘረጋበት ካለ ይበቃኛል» አለችኝ።

በሩ ላይ የተቀመጠችው አስተናጋጅ ካርዴን ተቀብላ በፈገግታ አየችው። ቀጥላም ቦርዲንግ ፓሶቻችንን በማሽኑ ላይ አሳለፈች፤ ማሽኑም ቀይ አበራ።

«ይቅርታ ጌታዬ፣ ቀጣዩን በረራዎን የሚያበረው አየር መንገድ የኅብረታችን አባል አይደለም።»

«ትኬቱ ላይ ያለው የበረራ ቁጥር ግን የእናንተ ነው፤ ገንዘቡንም የተቀበላችሁት እናንተ ናችሁ» አልኳት።

«አዎን ጌታዬ፣ ትኬቱን የሸጥነው እኛ ነን፤ አውሮፕላኑ ግን የእኛ አይደለም።»

«እስካሁን የመጣንበት አውሮፕላንስ የማን ነው?»

«እርሱ የእኛ ነው።»

«እንግዲያውስ የእናንተ መንገደኞች ነን ማለት ነው።»

«የሚቆጠረው የመጡበት ሳይሆን የሚሄዱበት በረራ ነው፣ ጌታዬ።»

እስቲ ይህን መልስ ደግማችሁ አንብቡት። ሌሊቱን ሙሉ ውቅያኖስ ስናቋርጥ በእነርሱ ወንበር ላይ ተጣጥፈን መምጣታችን አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው ገና ያልተሳፈርንበት ነው፤ እርሱም ቢሆን የሌላ ስለሆነ አይቆጠርም። «ጌታዬ» ባለችኝ ቁጥር መብቴ በአንድ ደረጃ ዝቅ እያለ እንደሚሄድ ያስተዋልኩትም ያን ጊዜ ነው። ቦርዲንግ ፓሱን ገልብጬ ሳየው፣ በእርግጥም ከበረራ ቁጥሩ በታች፣ ያለ መነጽር በማይነበብ ፊደል የሌላ አየር መንገድ ስም ተጽፏል። ኮድሼር ማለት ይኸው ነው፤ አንዱ የሌላውን ወንበር በራሱ ቁጥር ይሸጣል፣ ሻጩ የኅብረት አባል ቢሆንም አውሮፕላኑን የሚያበረው አየር መንገድ አባል ላይሆን ይችላል፣ መንገደኛው ግን ይህን የሚያውቀው በሩ ላይ ሲደርስ ነው።

እናቴ ሁኔታችንን ስታይ ቆይታ «ምን አለች?» አለችኝ።

«አይቻልም ትላለች፣ እማዬ።»

«ገንዘብ ጎድሎህ ነው?» አለችና እዚያው ሰው ፊት መቀነቷን መፍታት ጀመረች።

ከኋላችን ሰልፍ ተሠርቷል። አስተናጋጇ ነገሩን የተረዳች መስሏት «ከፈለጉ በነፍስ ወከፍ 50 ዩሮ ከፍለው መግባት ይችላሉ» አለችኝ። እናቴ በበኩሏ በአራት የታጠፈ የ200 ብር ኖት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። አስተናጋጇ ብሩን በጣቷ ገፋ አድርጋ «የምንቀበለው በካርድ ብቻ ነው» አለች። ወዳጆቼ፣ የወርቅ ካርዴ ጠረጴዛው ላይ፣ የእናቴም ብር ጠረጴዛው ላይ፣ ሁለቱም ዋጋ አጥተው ጎን ለጎን ተቀምጠው ሳይ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ለማስረዳት አፌን ስከፍት እናቴ ክንዴን ያዘችና «ተዋት፣ እርሷም ታዝዛ ነው፤ ሰው ሥራው ላይ አይጨቀጨቅም» አለችኝ። ተናድጄ እንኳ እንዳልጨርስ ተከለከልኩ።

በዚሁ ቅጽበት ከኋላዬ የቆመው፣ ቁምጣና ነጠላ ጫማ ያደረገው ጎልማሳ ስልኩን ለማሽኑ አሳየ። አረንጓዴ በራ፤ ገባ። በየትኛው አየር መንገድ እንደሚበር፣ አየር መንገዱ የኅብረቱ አባል ይሁን አይሁን፣ ትኬቱን ማን እንደሸጠለት የጠየቀው የለም። እርሱ ያለው ከባንክ ክሬዲት ካርዱ ጋር የሚሰጥ የላውንጅ አባልነት ነው። እኔ ለዓመታት በሰማይ ስንከራተት የሰበሰብኩትን፣ እርሱ ምናልባት ማቀዝቀዣና ምንጣፍ ሲገዛ አግኝቶታል።

ከዚያ በኋላ ወደ መሳፈሪያው በር ሄደን በየመካከላቸው የብረት ክንድ ካላቸው፣ ሰው ጋደም እንዳይልባቸው ታስበው ከተሠሩት ወንበሮች ላይ ተቀመጥን። እናቴ እግሯን በእጅ ሻንጣዬ ላይ አሳርፋ አንቀላፋች፤ እኔ ደግሞ መናደድ ጀመርኩ፤ እስካሁንም አላቋረጥኩም።

እነዚህ ኅብረቶች ሲመሠረቱ፣ ስታር አሊያንስ እ.ኤ.አ. በ1997፣ ዋንወርልድ በ1999፣ ስካይቲም በ2000፣ የሰጡን ተስፋ በአንዱ የበረረ ሰው በሌላውም እንደ ቤተኛ ይታያል የሚል ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2011 መጨረሻ ስታር አሊያንስን ሲቀላቀል፣ በውጭ የምንኖር ብዙዎች ዓለም በአንድ ካርድ የተከፈተችልን መስሎን እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ነጥቡም በመጀመሪያ የጉዞ ሽልማት ነበር፤ አሜሪካን ኤርላይንስ አድቫንቴጅ የተባለውን ፕሮግራም በ1981 ሲጀምር የሚቆጠረው የተበረረው ርቀት ነበር። ኋላ ግን ሌሎቹ የአሜሪካ አየር መንገዶች ዴልታና ዩናይትድ በ2015፣ አሜሪካን ደግሞ በ2016 ርቀቱን ትተው በተከፈለው ዶላር ልክ ማስላት ጀመሩ፤ ነጥቡንም በገፍ ለባንኮች ይሸጣሉ፣ ባንኮቹም ካርድ ለሚስብ ሁሉ ያድላሉ። ወረርሽኙ መጥቶ አውሮፕላኖች በቆሙ ጊዜ በ2020 ዩናይትድ የነጥብ ፕሮግራሙን አስይዞ 6.8 ቢሊዮን ዶላር አገኘ፤ ዴልታም በዚያው ዓመት በራሱ ፕሮግራም ዋስትና 9 ቢሊዮን፣ አሜሪካን በ2021 ደግሞ 10 ቢሊዮን ዶላር አሰባሰቡ። አበዳሪ ፊት ሲቀርብ ቢሊዮን የሚያወጣ ነጥብ፣ እናቴ ፊት ሲቀርብ አንድ ብርጭቆ ሻይ አያወጣም።

ዕቁብ የጣለ ሰው ይህን ነገር ይፈርድልኛል፤ ሰብሳቢው ገንዘቡን በየሳምንቱ እየተቀበለ ቆይቶ፣ ዕጣው ሲወጣልህ «አንተ የከፈልከው ለእኔ ነው፣ የሚሰጠው ግን የጎረቤቴ ዕቁብ ነው» ቢልህ ሰፈሩ ዝም ብሎ ያያል? እዚህ ግን ይህ «ውልና ሁኔታ» ተብሎ ይጻፍና ሳናነብ እሺ የምንልበት ሣጥን ይቀርብልናል።

ደግሞ የላውንጁ ነገር ብቻ ቢሆን በቻልኩት። ነጥቡን ማግኘቱ ራሱ ሌላ መከራ ነው። ትኬት ላይ የክፍያ ደረጃ የምታመለክት አንዲት የላቲን ፊደል አለች፤ በአንድ ረድፍ፣ በአንድ ዓይነት ወንበር፣ ያንኑ ፓስታ እየበሉ የሚሄዱ ሁለት ሰዎች፣ አንደኛው በዚያች ፊደል የተነሣ የርቀቱን መቶ በመቶ ሲያገኝ ሌላው 25 በመቶ ያገኛል፣ ወይም ጭራሽ ምንም አያገኝም። ያቺው ፊደል በአንዱ አጋር ዘንድ ግማሽ የምታስገኝ ስትሆን በሌላው ዘንድ ባዶ ናት። ትኬት የሚቆርጥልንን ልጅ ስለ ፊደሏ ጠይቄው «ጋሼ፣ እርስዎ የሚፈልጉት ርካሽ ነው ወይስ ፊደል?» ብሎ መልሶልኛል፤ እውነቱን ነው፣ ሁለቱ አንድ ላይ አይገኙም። ነጥብ ተጠራቅሞ «ነጻ» ትኬት ሲወሰድ ደግሞ ግብርና የነዳጅ ተጨማሪ ክፍያ ተብሎ ብዙ መቶ ዶላር የሚጠየቅበት ጊዜ አለ።

ስለ ስማችን ጉዳይ ባልናገር ደግሞ ሌሊቱን እንቅልፍ አይወስደኝም። በአጋር አየር መንገድ የበረርኩት አንድ ጉዞ ሳይመዘገብልኝ ስለቀረ፣ ቦርዲንግ ፓሱን በፎቶ አንሥቼ አቤቱታ ልኬ ነበር። መልሱ «የተሳፋሪው ስም ከአባሉ ስም ጋር አይመሳሰልም» የሚል ነው። እኛ የምንጠራው በራሳችን፣ በአባታችንና በአያታችን ስም እንጂ የቤተሰብ ስም የሚባል ነገር የለንም። አበበ ከበደ ደምሴ የሚባል ሰው ቢኖር፣ በአንዱ ቅጽ ላይ የቤተሰብ ስሙ ከበደ ይሆናል፣ በሌላው ደምሴ፤ ትኬቱ ላይ ደግሞ አበበና ከበደ ያለ ክፍተት ይጣበቁና መጨረሻው ላይ የወንድ ማዕረግ መጠሪያ ተለጥፎበት ወላጅ እናቱም የማታውቀው አንድ ረጅም ቃል ይወጣል። ይህ የተጣበቀ ስም ገንዘብ ሲከፍል ማንም አልተጠራጠረውም፤ በጸጥታ ፍተሻ አልፏል፣ በኢሚግሬሽን አልፏል፤ ያላለፈው ነጥብ ከሚመዘግበው ኮምፒውተር ፊት ብቻ ነው። ስልክ ስደውል የሸጠልኝ «ያበረረዎትን ይጠይቁ» አለኝ፣ ያበረረኝ «ካርዱን የሰጠዎትን ይጠይቁ» አለኝ፣ ካርዱን የሰጠኝ ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሙዚቃ ካሰማኝ በኋላ «የሸጠልዎትን ይጠይቁ» ብሎ ወደ ተነሣሁበት መለሰኝ። ሁሉም በትሕትና፣ ሁሉም «ስለ ታማኝነትዎ እናመሰግናለን» እያሉ።

«ካርድህን ለውጥ» የምትሉኝ ወዳጆች አላችሁ። ምክራችሁ መሠረት እንዳለው አልክድም፤ ለብዙ ዓመታት በአሜሪካ የአገር ውስጥ በረራ ላይ ዩናይትድ የራሱን የወርቅ አባል ወደ ላውንጁ ሳያስገባ፣ የሌላ አገር አባል አየር መንገድ የወርቅ ካርድ የያዘውን ግን ያስገባ እንደነበር የሚያውቅ ሰው፣ ነጥቡን ባሕር ማዶ ቢያስቀምጥ አይፈረድበትም። ግን ወዴት ልሂድ? ስካንዲኔቪያ ያሉ ወገኖቻችን የሚይዙት የአየር መንገዳቸው የኤስ ኤ ኤስ ካርድ የስታር አሊያንስ መሥራች አባል ካርድ ነበር፤ አየር መንገዱ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 ወደ ስካይቲም ሲዛወር ያ ካርድ በአንድ ሌሊት በቀድሞ ቤቱ እንግዳ ሆነ። እኔም ዛሬ ብዛወር እነርሱ ነገ ይዛወራሉ፤ በዚህ ዕድሜዬ ከወርቁ በታች ካለው የብር አባልነት መጀመር ደግሞ አቅሙ የለኝም።

ስለዚህ አቤቱታውን እንደገና ልጽፍ ነው፤ አንጀቴ ባይፈቅድም። ከእናንተ መካከል በስም አለመመሳሰል የተመለሰበትን ነጥብ ተከራክሮ ያስመለሰ ካለ፣ የላከውን ሰነድ ዓይነትና የጻፈውን ደብዳቤ በውስጥ መስመር ይላክልኝ። የምመለሰው በዚያው ከተማ በኩል ስለሆነም፣ ኮድሼር የሆነውን በረራ የኅብረቱ አባል ወደሆነ አየር መንገድ ያለ ቅጣት ማስቀየር የቻለ ሰው ዘዴውን ይንገረኝ። «እንደዚያ ጎልማሳ የባንክ ክሬዲት ካርድ አውጣ» የሚለውን ምክር ግን አትድከሙበት፤ እዚያው የብረት ወንበር ላይ ተቀምጬ ማመልከቻውን በስልኬ ሞልቼ ልኬአለሁ፤ ስሜ ከሰነዱ ጋር ስለማይመሳሰል አልተቀበሉትም።