ጥር የማያልፍበት ባነር

በሰኔ ዝናብ ጃንጥላ ዘርግቶ ከጎንደር ፒያሳ ወደ አዘዞ የሚወርድ ሰው መንገዱን ሙሉ «እንኳን ለብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አደረሳችሁ» እየተባለ ነው የሚሄደው። ጥምቀት ጥር 11 ነበር። ታቦታቱ ከፋሲል መዋኛ ወደየደብራቸው ከገቡ አምስት ወር አልፏል፤ ባነሩ ግን አልገባም። እንዲህ ያለ ጽናት የት ይገኛል!

አንዳንድ ምቀኛ «ኧረ አውርዱት» ይላል። ለምን ይወርዳል? አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ከተማዋን ሲቆረቁሩ ግንቡን ለአንድ ሰሞን ብለው አላሠሩትም። ነጋዴዎቻችንም ድንጋይና ኖራው ቢወደድባቸው በፕላስቲክ ቅርስ ሊያቆዩልን ተነሡ። ቀዩ ወደ ሮዝ ቢዞር የፀሐይ ጥፋት ነው።

ዓመተ ምሕረቱስ? ጥበቡ እዚያ ላይ ነው። አዲስ ማሳተም የአባካኝ ሥራ ነው፤ የእኛ ሰው 2017 ላይ ባለችው 7 ላይ የ8 ወረቀት ይለጥፍባታል፣ አለቀ። ነፋስ ሲነሣ ወረቀቷ ገለጥ ትልና 7 ብቅ ትላለች፤ የሁለት ዓመት ሰላምታ በአንድ ዋጋ። እኔን የሚያሳስበኝ 2020 ነው። ያኔ ከ19 ወደ 20 ሲሻገሩ ሁለት ቁጥር መለጠፍ ሊመጣ ነው፤ ወጪውን ማን ይችለዋል?

ከሁሉ የማደንቀው ግን በየፌስቡኩና በየቴሌግራሙ «መጪውን በዓል ምክንያት በማድረግ ታላቅ ቅናሽ» የምትለዋን ነው። የጻፋት ሰው ሊቅ ነው። የትኛው በዓል? አይልም። እንቁጣጣሽ ሲያልፍ መስቀል አለ፣ ከመስቀል ወዲያ ገና፣ ከገና ጥምቀት። ፋሲካ በየዓመቱ ቀኑን ቢቀያይርም እሷ ንቅንቅ አትልም። በክረምቱም ቡሄ አለላት። አንድ ጊዜ ተለጥፋ ዓመቱን ሙሉ ትሠራለች፤ ደንበኛው ብቅ ብሎ «ቅናሹስ?» ሲል ብቻ ነው «እሱማ ላለፈው በዓል ነበር» የሚባለው።

የአልጋ ዋጋም ከዚሁ ትምህርት ቤት ነው የወጣው። ለጥምቀት እንግዳ ሲጎርፍ ሽቅብ ይወጣል። እንግዳው ጥር 13 ሻንጣውን ይዞ ወደ አገሩ ሲመለስ፣ ዋጋው ከተማዋን ወዶ ይቀራል። በሰኔ መጥቶ «ይኼ የበዓል ዋጋ አይደለም እንዴ?» ብሎ የጠየቀ የዋህ መልሱ አይጠፋውም፦

«አዎ ጌታዬ፤ የመጪው።»