ሥራውን በንግድ ለተነጠቀ ሠራተኛ የተገባው ቃል የት ደረሰ?

እ.ኤ.አ. ጁላይ 30፣ 2003 ፒሎቴክስ የተባለው አንሶላና ፎጣ አምራች ፋብሪካዎቹን ዘጋ። በአሜሪካዋ ኖርዝ ካሮላይና ግዛት ብቻ ከ4,000 በላይ ሰው በአንድ ቀን ሥራ አጣ። ግዛቷ በአንድ ቀን ይህን ያህል ሠራተኛ ሲበተን አይታ አታውቅም ነበር። ካናፖሊስ የምትባለው ከተማ ደግሞ ድሮም የተቆረቆረችው ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ተብላ ስለሆነ፣ እዚያ ፋብሪካው ተዘጋ ማለት ባልም ሚስትም፣ እናትም ልጅም እኩል ገቢ አጡ ማለት ነው። ብዙዎቹ ሁለተኛ ደረጃ ሳይጨርሱ ገና በወጣትነታቸው ማሽን ላይ የቆሙ ናቸው። ሌላ ሥራ አያውቁም።

ለእንዲህ ዓይነት ሰዎች ተብሎ የተሠራ አንድ የፌዴራል መንግሥት ፕሮግራም ነበር። ትሬድ አጀስትመንት አሲስታንስ ይባላል፣ ባጭሩ ቲኤኤ። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ገበያውን ስለወሰደው ወይም ፋብሪካው ወደ ሌላ አገር ስለሄደ ሥራቸውን ያጡ ሠራተኞችን የሚደግፍ ነው። «ነበር» ያልኩት ወድጄ አይደለም፤ እመለስበታለሁ።

ነገሩ የተጀመረው በ1962 በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ጊዜ ነው። መንግሥት ከሌሎች አገሮች ጋር ተደራድሮ ቀረጥ ለመቀነስ ሥልጣን ይፈልግ ነበር፤ ሠራተኛው ደግሞ ፈራ። የተገባው ቃል በቀላሉ ሲነገር ይህ ነው፦ ንግዱ ሲከፈት አገር ይጠቀማል፣ የሚጎዳ ሰው ግን አይጠፋም፣ ያንን ሰው እኛ እናነሳዋለን። እኔ ይህ ቃል ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ርካሹን ሸሚዝና ርካሹን ቴሌቪዥን የሚገዛው ሁሉም ሰው ነው። ዋጋውን የሚከፍለው ግን አንድ ከተማ፣ አንድ ሰፈር፣ አንድ የማምረቻ መስመር ላይ የቆሙ ሰዎች ናቸው።

ቃሉን ገና ከጅምሩ ወረቀት አሰረው። ሠራተኛው ጉዳቱ የመጣው በዋናነት ከቀረጥ ቅነሳው መሆኑን ማሳየት ስለነበረበት፣ እስከ 1969 ድረስ አንድም የሠራተኛ ቡድን አልጸደቀለትም። ሰባት ዓመት! ሕጉ የላላው በ1974 ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን አሠራሩ ይሄው ነበር፦ ቢያንስ ሦስት ሠራተኞች፣ ወይም ማኅበራቸው፣ ወይም አሠሪው፣ ወይም የግዛቱ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ ያስገባል። የዋሽንግተኑ የሠራተኛ ሚኒስቴር መርማሪ ይመድባል። መርማሪው ድርጅቱን ይጠይቃል፣ ደንበኞቹን ይጠይቃል፣ ሽያጩ የቀነሰው በእርግጥ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ነው ወይ ብሎ ያጣራል። መልሱ «አዎ» ከሆነ ድጋፉ ጥሩ ነው፤ የትምህርት ክፍያ ይሸፈናል፣ ከመደበኛው የሥራ አጥ ክፍያ ጋር ተደምሮ እስከ 130 ሳምንት የሚደርስ ሳምንታዊ ገንዘብ አለ፣ ሥራ ፍለጋ ለመሄድና ቤት ለመቀየርም ከወጪው የተወሰነው ይመለሳል። መልሱ «አይደለም» ከሆነ ምንም የለም።

እስቲ ይህን አስቡት። ሁለት ጎረቤታሞች አሉ። አንዷ የምትሠራበት ፋብሪካ ወደ ሜክሲኮ ሄደ፣ የሌላዋን ቦታ ሮቦት ወሰደው። ሁለቱም የቤት ብድር አለባቸው፣ ሁለቱም ልጆች አሏቸው፣ ሁለቱም ዕድሜያቸው 48 ነው። የመጀመሪያዋ ኮሌጅ ገብታ ነርስነት መማር ትችላለች። ሁለተኛዋ በአብዛኞቹ ግዛቶች ቢበዛ 26 ሳምንት የሥራ አጥ ክፍያ ትቀበልና በቃ። ለእኔ የዚህ ፕሮግራም ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ከተራቡ በኋላ ለምን እንደተራቡ ማስረጃ አምጡ ማለት ልክ አይደለም። አውሮፓውያኑ ይህን አስተካክለዋል፤ በ2007 ሥራ የጀመረው የእነሱ ፈንድም መጀመሪያ ላይ ጉዳቱ የመጣው ከዓለም ንግድ መሆኑን ይጠይቅ ነበር፣ ከ2021 ወዲህ ግን ዋናው መመዘኛ የተቀነሰው ሰው ብዛት ሆኗል፣ ምክንያቱ ንግድም ይሁን ማሽን።

ቻይና የዓለም ንግድ ድርጅት አባል የሆነችው በ2001 መጨረሻ ነው። በ2000 አሜሪካ ውስጥ 17 ሚሊዮን ገደማ የፋብሪካ ሥራ ነበር፤ በ2010 ወደ 11.5 ሚሊዮን ወረደ። ሁሉንም ቻይና ወሰደችው ማለት አይደለም፣ የ2008ቱ ቀውስም አለ፣ ማሽንም አለ። ግን በቻይና ዕቃ ክፉኛ የተመቱ አካባቢዎችን ያጠኑት ዴቪድ ኦተርና ባልደረቦቹ አንድ የሚያም ነገር አገኙ። በእነዚያ አካባቢዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚሰጠው ክፍያ የጨመረበት መጠን ቲኤኤ ከጨመረበት ከ30 እጥፍ በላይ ነው። ለንግድ ጉዳት ታስቦ የተሠራው ፕሮግራም እዚያ አልነበረም ማለት ይቻላል። ሰዉ ወደ አካል ጉዳት ክፍያ ሄደ፤ እዚያ የገባ ሰው ደግሞ ወደ ሥራ የሚመለሰው ከስንት አንድ ነው።

«ሥልጠናው አይሠራም» የሚሉ አሉ። ባዶ ወሬ አይደለም፤ በ2012 የወጣ ለመንግሥት የተሠራ ግምገማ፣ ከአራት ዓመት በኋላ የቲኤኤ ተጠቃሚዎች ገቢ ከሌሎቹ ያነሰ ነበር ብሏል። ግን አንድ ሰው ሁለት ዓመት ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ ሌላው ያገኘውን ሥራ ይዞ ደመወዝ ይቆጥራል፤ በአራት ዓመት መለካቱ ራሱ ቶሎ ነው። ቤንጃሚን ሃይማን የተባለ የኢኮኖሚ ተመራማሪ በሌላ መንገድ ሄደ። አንዳንዱ መርማሪ ቶሎ ያጸድቃል፣ አንዳንዱ ጥብቅ ነው፤ ማመልከቻው የትኛው እጅ ላይ እንደሚወድቅ ደግሞ ዕድል ነው። ይህን ተጠቅሞ ተመሳሳይ ሠራተኞችን ሲያወዳድር፣ የጸደቀላቸው በ10 ዓመት ውስጥ በድምሩ ወደ 50,000 ዶላር የሚጠጋ ብልጫ አግኝተዋል። እኔን ከብልጫው በላይ የከነከነኝ ግን ያ «ዕድል» የሚለው ነገር ነው። የአንድ ቤተሰብ አሥር ዓመት ፋይሉ የማን ጠረጴዛ ላይ አረፈ በሚለው ይወሰን ነበር ማለት እኮ ነው።

ሌላም ጥሩ ክፍል ነበረው፦ የደመወዝ ዋስትና። ዕድሜው 50 የሞላ ሠራተኛ ከድሮው ያነሰ ደመወዝ ያለው ሥራ ሲይዝ፣ የልዩነቱን ግማሽ መንግሥት በሁለት ዓመት እስከ 10,000 ዶላር ድረስ ይሞላለታል። ሃይማንና ሌሎች ሁለት ተመራማሪዎች 50 ሊሞላቸው ትንሽ የቀራቸውንና ገና የሞሉትን ሲያስተያዩ፣ ዋስትናው ያላቸው ቶሎ ሥራ ይዘዋል፣ በረጅም ጊዜም ብዙ አግኝተዋል፣ መንግሥትም ወጪውን መልሶታል። ታዲያ ለምን ለ50 ዓመት ሰው ብቻ? የ35 ዓመት እናትም ኪራይ ትከፍላለች።

«ገንዘብ የለም» የሚለውን ግን አልቀበልም። በ2018 የንግድ ጦርነቱ ሲጀመርና ቻይና በአኩሪ አተር ላይ ቀረጥ ስትጥል፣ መንግሥት ለገበሬዎች በዚያው ዓመት እስከ 12 ቢሊዮን፣ በ2019 ደግሞ እስከ 16 ቢሊዮን ዶላር መደበ። ገበሬው መረዳቱ ትክክል ነው፤ ጉዳቱ በመንግሥት ውሳኔ ነው የመጣበት። ግን በዚያው ጊዜ ለቲኤኤ ሥልጠና የተፈቀደው ጣሪያ በዓመት 450 ሚሊዮን ዶላር ነበር። የፋብሪካ ሠራተኛውም የተጎዳው በመንግሥት ውሳኔ ነው። ልዩነቱ ገበሬው በኮንግረስ ውስጥ የሚጮህለት አለው።

እኔ የምለው፣ ፕሮግራሙ ይመለስ፣ ግን እንደነበረው አይደለም። የምክንያት ምርመራው ይቅር። በ1988 በወጣው ሕግ ትልልቅ አሠሪዎች ብዙ ሰው ሲቀንሱ የ60 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለባቸው፤ ያ ወረቀት ሠራተኛው እጅ በገባበት ቀን ድጋፉም ይጀምር። ሰው ቁጠባውን ሳይጨርስ፣ ቤቱን ሳያጣ፣ ተስፋ ሳይቆርጥ። የጤና መድን ድጎማውም አብሮ ይመለስ፤ ከአረቦኑ 72.5 በመቶ ይሸፍን የነበረው የታክስ ቅናሽ በ2021 መጨረሻ ነው የቀረው።

አሁን ግን ያለው እንዲህ ነው። ኮንግረስ ስላላደሰው ፕሮግራሙ ጁላይ 1፣ 2022 ላይ አበቃ፤ ሚኒስቴሩም ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ ማመልከቻ ማጽደቅ አቆመ። ማመልከቻቸው ቀድሞ ከጸደቀላቸው ፋብሪካዎች እስከ ጁን 30 የተቀነሱት ድጋፉን ማግኘት ይችሉ ነበር። ከዚያው ፋብሪካ፣ ከዚያው መስመር ላይ፣ በማግስቱ የተቀነሰችው ሴት ግን አልቻለችም።