መምህሩ ስለ ተማሪው ምን ያህል ያውቃል?

በቤተ ክርስቲያን የሚያስተምር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚዘጋጀው ለትምህርቱ እንጂ ለተማሪዎቹ አይደለም። ጥቅስ ይመርጣል፣ ማብራሪያ ያገላብጣል፣ ምሳሌ ይፈልጋል፤ የሚሰሙት እነማን እንደሆኑና ምን እንደሚያስጨንቃቸው ግን ክፍል እስኪገባ ድረስ ብዙም አያስብበትም። በእኔ እምነት የሃይማኖት ትምህርት ከጆሮ አልፎ ልብ ሳይደርስ የሚቀረው፣ ብዙ ጊዜ፣ መምህሩ እውቀት አንሶት ሳይሆን የሚያስተምረውን ሰው ስለማያውቀው ነው።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ፊልጶስ ወደ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ሠረገላ ሲቀርብ ወዲያው ወደ ስብከት አልገባም፤ ሲያነብ ሰማውና «በውኑ የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ሲል ጠየቀው። ትምህርቱም የተነሣው ሰውዬው ግራ ከተጋባበት ከኢሳይያስ ቃል ነበር። ጳውሎስም በጲስድያ አንጾኪያ ምኵራብ ሲናገር ከእስራኤል አባቶች ታሪክ ተነሥቷል፤ በአቴና ግን መነሻው በከተማይቱ ሲዘዋወር ያየው መሠዊያ ነው። እ.ኤ.አ. በ400 አካባቢ የሰሜን አፍሪካው ጳጳስ አውግስጢኖስ፣ የማስተማር ሥራው ለሰለቸው አንድ የካርቴጅ ዲያቆን የጻፈው ምክርም ከዚህ አይርቅም፤ አዲስ የመጣው ሰው ምን እንዳመጣው ይጠየቅ፣ የተማረ ከሆነ ምን እንዳነበበ ይታወቅ፣ ቆሞ መስማት ካደከመው ደግሞ መቀመጫ ይሰጠው ይላል። ያን ያህል የመጠቀ ሊቅ ወንበርን ከማስተማር ሥራ መቍጠሩ ደስ ይለኛል።

«እግዚአብሔር አባታችን ነው» ማለት ለመምህሩ ቀላል ነው። ከፊቱ ከተቀመጡት ልጆች መካከል ግን አባቱ ሰክሮ ሲገባ አልጋ ሥር የሚደበቅ ሊኖር ይችላል፤ ያ ልጅ «አባት» ሲባል የሚታየው መምህሩ የሚያስበው አይደለም። ይህን የሚያውቅ መምህር ትምህርቱን አይሰርዝም፣ አያለሳልስምም፤ ነገር ግን ቃሉን ጥሎ ከማለፍ ይልቅ የማይመታ፣ የማይጥል፣ ልጁን ሮጦ የሚቀበል አባት ምን እንደሚመስል ጊዜ ወስዶ ያሳያል። በአዋቂዎች ክፍልም እንዲሁ ነው። «ቀጣዩን ቍጥር አንብብልን» ሲባል «መነጽሬን ረስቼዋለሁ» ያለው ሰው ምናልባት ማንበብ አይችል ይሆናል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ከቀረ ደግሞ ሰነፍ ይባላል።

ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄን መረዳት ነው። አንድ ወጣት «ራሱን ያጠፋ ሰው ይድናል?» ብሎ ሲጠይቅ ብዙዎቻችን በቀጥታ ወደ ዶግማ እንሮጣለን፤ መልሳችን ትክክል ሊሆንም ይችላል። ልጁ ግን የሚያስበው ስለሞተበት ጓደኛው፣ ወይም ስለ ራሱ ሊሆን ይችላል። ከክፍል በኋላ ለብቻው ጠርቶ «ይህን ጥያቄ ምን አስነሣብህ?» ማለት ከረጅም ማብራሪያ ይበልጣል። (በዚህ መንገድ የተሰማ ነገር ስም ባይጠራ እንኳ የሚቀጥለው ሳምንት ምሳሌ መሆን የለበትም፤ የሰው ሕይወት ወይም የልጅ ደኅንነት አደጋ ላይ ከሆነ ግን ምስጢር ነው ብሎ መያዝም አይገባም፣ ሊረዳ ለሚችል ሰው ወዲያው መድረስ አለበት።)

«ገባችሁ?» የሚለው የተለመደው ጥያቄ ምንም አይነግረንም፤ መልሱ ሁልጊዜ «አዎ» ነው። ተማሪው የሰማውን በራሱ አነጋገር እንዲናገር ማድረግ፣ ከጠየቁም በኋላ ዝምታው ሲያስጨንቅ ራስ ቸኩሎ ባለመመለስ መታገሥ የተሻለ ያሳያል።

ቃሉ በራሱ ኃይል ስላለው የሰሚው ሁኔታ ለውጥ አያመጣም የሚሉ አሉ። ቃሉ ኃይል እንዳለው አልክድም፤ ነገር ግን ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች ወተት ጋትኋችሁ እንጂ ጽኑ መብል አልሰጠኋችሁም ያላቸው አቅማቸውን መዝኖ ነው።

ይህ ሁሉ በመምህሩ ትከሻ ላይ ብቻ የሚጣል አይደለም። ክፍሉ ከተጨናነቀና መምህሩ ፊቶችን ለይቶ ሳያበቃ ከተቀየረ መተዋወቅ አይቻልም፤ ስለዚህ አንድ መምህር ከአንድ ክፍል ጋር ለዓመታት ቢቆይ እመርጣለሁ። አስተባባሪዎችም ከመምህሩ የሚጠይቁት ሪፖርት ስንት ሰው እንደተገኘና የትኛው ምዕራፍ እንደተሸፈነ ብቻ ባይሆን፣ ከክፍል በኋላ ከተማሪዎቹ ጋር ለመነጋገር ጊዜ አግኝቶ እንደሆነም ቢጠይቁት ጥሩ ነው።