ለመብራት ግማሽ ቀን አለ፣ ለፓች ሁለት ሰዓት የለም

የጅማን ክረምት የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሰማዩ ሲጠቁር መብራት ይሄዳል። መብራት ሲሄድ የመሥሪያ ቤታችን ሰርቨር ይተኛል። የዩፒኤሱ ባትሪ ካለቀለት ቆይቷል፣ ጄኔሬተሩም ናፍጣ ይጠብቃል። ከጅማው መርካቶ በባጃጅ፣ ዝናብ እየመታው የመጣ ባለጉዳይ «ሲስተም የለም፣ ነገ ና» ተብሎ ይመለሳል። ግማሽ ቀን እንዲህ ያልፋል። ማንም ትንፍሽ አይልም።

እኔ ግን «ቅዳሜ ከሰዓት ሰርቨሩን ለሁለት ሰዓት ላጥፋውና ፓች ላድርግ»፣ ማለትም የፕሮግራሙን ክፍተት የሚደፍን ማስተካከያ ልጫን ስል አገር ይያዝልኝ ይባላል። «ሥራ ልታስቆም ነው?» ቅዳሜ ከሰዓት የምን ሥራ? ቢሮው ወና ነው እኮ!

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ሲስተማችን ጃቫ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ የተሠራ ነው። ውስጡ ሎግፎርጄ የሚባል ነገር አለ። ሥራው መዝገብ መያዝ ነው፤ ማን ገባ፣ ማን ፓስዎርድ ተሳሳተ፣ ምን ኤረር መጣ፣ ሁሉንም ይጽፋል። የድሮዎቹ ቨርዥኖች ግን ጉድ አለባቸው። ከሚጽፉት ውስጥ በዶላር ምልክትና በቅንፍ የታጠረ፣ ጄኤንዲአይ የሚል ትእዛዝ ካገኙ ዝም ብለው አይጽፉትም። የተጠቆመላቸው አድራሻ ድረስ ሄደው፣ ኮድ አምጥተው፣ እዚያው ያስነሱታል። አስቡት፤ አንዱ የትም ቁጭ ብሎ የተጠቃሚ ስም የሚሞላበት ሳጥን ላይ ያቺን መስመር ይጽፋል። ፓስዎርድ አያስፈልገውም። ሲስተሙ «ይህ ሰው መግባት አልቻለም» ብሎ ሊመዘግብ ሲል በዚያው በሩን ይከፍትለታል። የሌባውን ስም ልመዝግብ ብሎ ቁልፉን የሚያቀብል ዘበኛ በሉት።

ይህ ደግሞ ትኩስ ወሬ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር መጨረሻ ዓለም ሁሉ ያወቀው ነው። ክፍተቱ ሎግፎርሼል ተባለ፤ የአደጋ ደረጃው ከ10፣ 10 ተሰጠው። ማስተካከያ የያዘው ቨርዥን 2.15 ወጣ፣ ይጎድለዋል ተባለ። 2.16 ወጣ፣ 2.17 ተከተለ፣ ወሩ ሳይሞላ 2.17.1 ላይ ተደረሰ። የእኛስ? ፎልደሩን ከፍቼ ሳይ 2.11.1 ተጋድሞ አገኘሁት። ያውም በሌላ ፋይል ሆድ ውስጥ ታጭቆ፤ በስሙ ብቻ ብትፈልጉት አይወጣም።

ሲስተሙን የሸጠልን ድርጅት ጋ ደወልኩ። አያነሱም። በቴሌግራም ጻፍኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ «አንድ ሴቲንግ ቀይር፣ ይበቃል» አሉኝ። አይበቃም! ያ ሴቲንግ ክፍተቱን ሙሉ በሙሉ እንደማይደፍነው የሎግፎርጄ ሠሪዎች ራሳቸው ያኔውኑ ተናግረዋል። አዲሱን ቨርዥን መጫን ካልተቻለ፣ ቢያንስ ጄኤንዲአይ ሉክአፕ የሚባለውን ክላስ፣ ያንን ትእዛዝ የሚፈጽመውን የኮድ ክፍል፣ ከፋይሉ ውስጥ መንቀል ነው። ለዚህም ቢሆን ሲስተሙ ጠፍቶ መነሳት አለበት። ይኸው፣ ተመልሰን ሁለት ሰዓቷ ጋ መጣን።

«ጋሼ፣ ይህ ነገር አደጋ አለው» ስላቸው አለቃዬ ሳቁ። «ከጅማ ምን ሊሰርቁ ነው፣ ቡና?» እያሉ። ኧረ ማን መርጦ ይመጣል! ፕሮግራም ነው፤ የኢንተርኔት አድራሻ በተራ እያንኳኳ ይሄዳል። ጅማ ይሁን ጃካርታ ጉዳዩ አይደለም። ክፍት ካገኘ ሰርቨሩን ክሪፕቶ የሚባለውን የዲጂታል ገንዘብ ሲያስቆፍረው ያድራል፣ ወይ ፋይሉን ቆልፎ ገንዘብ አምጡ ይላል። «ሲስተማችን የውስጥ ነው፣ ከውጭ አይታይም» የሚልም አለ። የውስጥ! የዋይፋዩን ፓስዎርድ ጎረቤት ያለው ጁስ ቤት ሳይቀር ያውቀዋል።

ደብዳቤም አስገባሁ። «ከበጀት መዝጊያ በኋላ ይታያል» ተብሎ ተመራ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እኛ ቤት አይሠራም።

እስከዚያው በእጄ ያለውን አደረግኩ። ሰርቨሩ ወደ ኢንተርኔት እንዳይወጣ የኔትወርኩን ገቢና ወጪ የሚቆጣጠረው ፋየርዎል ላይ ዘጋሁበት። ጥቃቱ ብዙውን ጊዜ የሚሳካው ሰርቨሩ ወጥቶ ኮዱን ሲያመጣ ነው። መዝጋቱ የፓች ምትክ አይሆንም፣ ግን ከምንም ይሻላል። ደግሞስ የመሥሪያ ቤት ሰርቨር ውጭ ምን ጉዳይ አለው?

በማግስቱ ጠዋት ስልክ ተደወለልኝ። «አንተ ልጅ፣ ሰርቨር ክፍል ያለው ኮምፒውተር ዩቲዩብ እምቢ አለ። ምን ነካካህ?»