ለቅሶ የበዛበት ሲፒዩ

ባሕር ዳር ላይ መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር አንድ ያረጀ ሲፒዩ ሳይነቃ ይቀራል። የሚቀረውም የኮፒ ቤቱ ነው፤ ያውም ማመልከቻ አስጻፊው እስከ በር በተሰለፈበት ሰዓት። ለቅሶ ደራሽ አይጠፋም። አንዱ «ቫይረስ ገብቶበት ነው» ይላል፤ ፋኑ እንኳን ያልዞረ ማሽን ቫይረሱን በምን ጉልበቱ እንደሚያስተናግድ የሚጠይቅ የለም። «ፎርማት አድርጊው እህቴ» ይላል ቀጣዩ። ጋቢ የለበሱት አባት ግን «የጣናን ውኃ ወስደው በለስ ላይ 460 ሜጋ ዋት ተከሉ፤ ለእኛ ይቺን ነሱን!» ብለው የመብራት ሰዎችን ይራገማሉ። ለበሽታው የቀረቡት እሳቸው ናቸው። መብራት ሲመለስ ዘሎ የሚገባው ኃይል መጀመሪያ የሚያገኘው ፓወር ሰፕላዩን፣ የሶኬቱን ኃይል ለማሽኑ የሚያከፋፍለውን ሣጥን ነዋ።

ምርመራው አንድ አግራፍ ይበቃዋል፤ አግራፍ ደግሞ ኮፒ ቤት ሞልቷል። ሶኬቱ ይነቀል፣ መሰኪያዎቹ በሙሉ ከማዘርቦርዱና ከዲስኩ ይውጡ። ከትልቁ መሰኪያ አረንጓዴው ሽቦ ከአንዱ ጥቁር ጋር በአግራፍ ይገናኝና ሶኬቱ ይመለስ። የፓወር ሰፕላዩ ፋን ካልዞረ በአብዛኛው ነገሩ አልቋል። ዞረ ተብሎ ግን እልል አይባልም፤ የደከመ ፓወር ሰፕላይ ፋን አዙሮ ሥራ ሲበዛበት ይወድቃል። ቢጫው ሽቦ ቮልት በሚለካው ቴስተር ከ11.4 እስከ 12.6 ቮልት፣ ቀዩ ከ4.75 እስከ 5.25 ማሳየት አለበት፤ የሚለካውም ሶኬቱ ተነቅሎ፣ አግራፉ ወጥቶ፣ መሰኪያዎቹ ከተመለሱ በኋላ ማሽኑ እየሠራ ነው።

አዲስ ፓወር ሰፕላይ ሲገዛ ሌላ ጉድ አለ። ገዢው «500 ዋት» የሚለውን ትልቅ ጽሑፍ አይቶ ዋጋ ይከራከራል፤ ከጎኑ ያለችውን ትንሽ ሠንጠረዥ ዞር ብሎ አያያትም። በ12 ቮልቱ መስመር 18 አምፔር ከተጻፈ 216 ዋት ነው፤ የቀረው ጌጥ ነው። በእጅ ሲያነሱት የሚቀለውም ያጠራጥራል፤ የሚቀለው ማቀዝቀዣ ብረቱና የሽቦ ጥቅልሉ ተቀንሶ ነው። የተለየ ግራፊክስ ካርድ ለሌለው የቢሮ ማሽን እውነተኛ 300 ዋት ይተርፈዋል። አሮጌውን በባጃጅ ይዞ መሄድ አይከፋም፤ የአንዳንድ ትንንሽ ሲፒዩዎች ቅርጽም መሰኪያም የራሳቸው ነውና።

ከኋላ አራት ብሎን ፈትቶ ማሰር ለማንም አያቅትም። ቀይዋን ማብሪያ የመሰለች መቀየሪያ ካለች ግን 230 ላይ ትሁን። 115 ላይ ተረስታ 220 ከገባ ፓወር ሰፕላዩ ይፈነዳል፤ ሰልፉም በአንድ ድምፅ «አላልኩሽም?» ይላል፣ ማንም ሳይል። ፕሮሰሰሩ አጠገብ የምትሰካው ባለ 4 ቀዳዳ መሰኪያ ስትረሳ ደግሞ ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ይጨልማል፤ ባለሱቁም በማያውቀው ነገር ይሰደባል።

አሮጌው እንዳይጣል የሚለምን ሁልጊዜ አንድ ሰው አለ። ፋኑን ነቅሎ ቢወስድ ደግ ነበር፤ እሱ ግን ከፍቶ የተቃጠለውን ፊውዝ በመዳብ ሽቦ ይተካዋል። ፊውዙን ያቃጠለው ሌላ ብልሽት እዚያው እንዳለ ነው። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ትልልቆቹ ካፓሲተሮች ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ «ቫይረስ ነው» ያለው ሰውዬ እጁን ወደ ኪሱ ይከታል።