ኮሎኝና ካዛንቺስ፣ የስማቸው ነገር

ኮሎኝ ሲባል እኛ ሀገር መጀመሪያ ሽቶው ነው የሚታወሰው፣ ከዛ ደግሞ የድሮው የጀርመን ድምፅ ሬድዮ። የአማርኛው ስርጭት በፈረንጆቹ 1965 የጀመረው ከዚህ ነው፣ ጣቢያው ወደ ቦን የሄደው በ2003 ነው።

እኔ እዚሁ ከተማ ነው የምኖረው፣ ስሙ ከየት እንደመጣ ሳውቅ ግን ትንሽ ደንገጥ አልኩ። ሙሉ ስሙ በላቲን ኮሎንያ ክላውድያ አራ አግሪፒኔንሲዩም ነበር። ክላውድያ ከሮማው ንጉሥ ከክላውዲየስ ነው፣ አራ መሰዊያ ነው፣ የመጨረሻው ደግሞ የሚስቱ የአግሪፒና ስም ነው፣ እዚህ ነው የተወለደችው፣ ቦታው ያኔ ኡቢ የሚባሉ ጎሳዎች ሰፈር ነበር፣ እሷ ንግሥት ሆና በፈረንጆቹ በ50 የትውልድ ቦታዋን የኮሎንያ ማዕረግ አሰጠችው። ከዛ ሁሉ ስም ኮሎንያ ብቻ ቀረና ዛሬ ጀርመኖቹ ኮልን ይሉታል። እንግዲህ ኮሎኒ ማለት ለኛ የሚመር ቃል ነው፣ አድዋ የሄድነው እሱን እምቢ ብለን ነው። በላቲኑ ግን መሬት ማረስ ከሚለው ግስ የወጣ ነው፣ ጡረታ የወጡ ወታደሮች መሬት ተሰጥቷቸው የሚሰፍሩበት፣ ነዋሪውም እንደ ሮም ዜጋ መብት የሚያገኝበት ከተማ ነው። መሬቱ ከማን እንደተወሰደ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው።

የሚያስቀናኝ ምን መሰላችሁ፣ ይሄ ከተማ በ2ኛው የዓለም ጦርነት በቦምብ ወድሟል፣ መሀሉ ፍርስራሽ ብቻ ነበር የቀረው፣ ግን የሮማውያኑ ሰሜን በር ቅስት ላይ የከተማው ስም መጀመሪያ ፊደሎች የተቀረፁበትን ድንጋይ ጠብቀው አቆይተውታል፣ ከበሩ ጎን የነበረችው ትንሿ ቅስት ደግሞ ካቴድራሉ ፊት ለፊት ቆማለች፣ ህፃናት በአስተማሪ እየተመሩ መጥተው ያዩዋታል። ስሙን ያወጣው ወራሪ ነው ብሎ የደበቀው የለም።

እና ካዛንቺስን አሰብኩ። ካዛ በጣሊያንኛ ቤት ነው፣ እሱም ከላቲን የመጣ ነው፣ በላቲኑ ጎጆ ማለት ነው። ኢንቺስ ደግሞ በወረራው ጊዜ ለጣሊያን መንግስት ሰራተኞች ቤት የሚሰራው ተቋም ምህፃረ ቃል ነው። ፒያሳም የነሱው ቃል ነው። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ወጣ፣ ስሞቹን ግን ህዝቡ የራሱ አደረጋቸው፣ ስንት ሰው ተወልዶ፣ አግብቶ፣ ተቀብሮ እዛ ሰፈር አልፏል። አሁን በመልሶ ልማት የሁለቱም ሰፈሮች ብዙ ክፍል ፈርሷል። ከተማ አይታደስ አልልም፣ ጣሪያው የሚያፈስበትን ሰው ኑሮ ከዚህ ሆኜ ቅርስ ነው ብዬ ላስውበው አልችልም፣ ግን እዛ ከሚቆሙት አዳዲስ ህንፃዎች አንዱ ግድግዳ ላይ ካዛንቺስ የሚለው ስም ከየት እንደመጣና ማን ይኖርበት እንደነበር በአማርኛ የሚናገር አንድ የእብነበረድ ፅሁፍ ብንሰቅል ስንት ብር ይፈጃል? የሰፈሩ ልጆች የሆናችሁ፣ አሁን የት እንደተበተናችሁ ባላውቅም፣ ለማዋጣት እኔ ዝግጁ ነኝ።