የኳንተም መገናኛ በኪሎ ሜትር ብቻ አይለካ

መልእክትን በነጠላ የብርሃን ቅንጣቶች ስለሚያስተላልፈው የኳንተም መገናኛ የምንሰማው ዜና አብዛኛውን ጊዜ የርቀት ዜና ነው። በ2017 የቻይናዋ ሳተላይት ሚሲየስ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ለሚራራቁ ሁለት ጣቢያዎች የተቆራኙ ፎቶኖችን፣ ማለትም ሁኔታቸው እርስ በርሱ የተሳሰረ የብርሃን ቅንጣቶችን፣ ስታደርስም ብዙ የተወራው ስለ ኪሎ ሜትሩ ነበር። ሥራው ታላቅ ነው። እኔ ግን ትኩረቱም ገንዘቡም ለብርሃን ምት፣ ማለትም ለአጭር የብርሃን ብልጭታ፣ ቅርጽ በማስያዝ ላይ ለሚደክሙት ተመራማሪዎች ቢያደላ እላለሁ።

በፋይበር 100 ኪሎ ሜትር ከተጓዘ ብርሃን የሚተርፈው ከመቶ አንድ እጅ ያህል ነው። ኢንተርኔት መንገድ ላይ ማጉያ ስላለው ይህ አያስጨንቀውም። የኳንተም መልእክት ግን በነጠላ ፎቶን ይጓዛል፤ ያልታወቀን የኳንተም ሁኔታ መቅዳት እንደማይቻል ደግሞ በ1982 ተረጋግጧል። መልእክቱን ቀድቶ ሊሰርቅ የሚሻውን ሰላይ የሚከለክለው ይኸው ሕግ፣ ማጉላትም መቅዳት ስለሆነ፣ ማጉያውንም ይከለክላል። እንግዲህ ከመቶ አንዷ ከደረሰች አይቀር፣ ብዙ ተሸክማ ትድረስ።

ኖንሊኒየር ኦፕቲክስ፣ ማለትም ኃይለኛ ብርሃን በቁስ ውስጥ ሲያልፍ ቀለሙ የሚለወጥበትን መንገድ የሚያጠናው ዘርፍ፣ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። በ1961 ፒተር ፍራንከንና ባልደረቦቹ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ቀይ የሌዘር ብርሃን በኳርትዝ አሳልፈው በዓይን የማይታይ አልትራቫዮሌት አገኙ። በፎቶግራፉ ላይ የታየችው ነጥብ እጅግ ደብዛዛ ስለነበረች፣ እንደሚነገረው፣ ለኅትመት ያዘጋጁት ሰዎች ጉድፍ መስላቸው አጠፏት። በዚሁ ዘርፍ ዛሬ በጀርመን ፓደርቦርን ዩኒቨርሲቲ የክሪስቲን ሲልበርሆርን ቡድን ነጠላዋን ፎቶን ከአጭር የሌዘር ምት ጋር በሊትየም ናዮቤት ክሪስታል ውስጥ ያገናኛል። የሌዘሩ ምት አንድ ጉብታ ወይም ሁለት ጉብታ እንዲኖረው ተደርጎ ይቀረጻል። ቅርጹ ከፎቶኗ ቅርጽ ጋር ከገጠመ ፎቶኗ ቀለሟን ቀይራ አረንጓዴ ሆና ትወጣለች፤ ካልገጠመ እንደነበረች ታልፋለች። በአንድ ቅጽበት፣ በአንድ የቀለም ክልል የሚመጡ ፎቶኖች በቅርጻቸው ብቻ ተለዩ ማለት ነው። አራት ቅርጽ መለየት ከተቻለ አንዲት ፎቶን ሁለት ቢት፣ ማለትም ሁለት የ0 ወይም የ1 ምልክት፣ ትይዛለች።

ሌላም ጥቅም አለው። ፎቶን የሚያከማቹ አተሞች የሚቀበሉት ረጅምና ጠባብ ቀለም ያለውን ምት ሲሆን፣ ከክሪስታል የሚወለዱት ፎቶኖች ግን ብዙውን ጊዜ እጅግ አጭር ናቸው። በማጣሪያ ማስተካከል አብዛኞቹን መጣል ነው። ምቱን ራሱን መለወጥ ግን ፎቶኗን ያተርፋታል።

በነጠላ ፎቶን አጠገብ ኃይለኛ ሌዘር ሲበራ ባዕድ ፎቶኖች እየተፈጠሩ መልእክቱን ያበላሻሉ የሚል ተቃውሞ ይነሳል። እውነት ነው። ሆኖም ይህ በተሻለ ክሪስታልና በብዙ ተመራማሪዎች ሥራ የሚቀንስ የምሕንድስና ችግር ነው፤ የ1982ቱን ሕግ ግን ማንም አይሽረውም።